ወርቅ የማያየው የሰማይ ማግኔቶሜትር

አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲመላለስ ያየ ሰው «ወርቅ እየፈለጉ ነው» ማለቱ አይቀርም። አውሮፕላኑ የያዘው ማግኔቶሜትር ግን ወርቅ አያይም። ወርቅ በማግኔት አይሳብም፤ መዳብም እንደዚያው። መሣሪያው የሚለካው የምድርን ማግኔታዊ መስክ ነው። ማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን) የበዛበት ድንጋይ ካለ መስኩ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ ወርቅ የሚወራው የጂኦሎጂስቱ ግምት ነው።

«ትልቅ ኮምፓስ ነው» የሚሉም አሉ። በሚንቀጠቀጥ አውሮፕላን ላይ መርፌ ምን ሊያደርግ? ቪክቶር ቫኪየር በ1940ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የሠራው ፍለክስጌት የተባለ ማግኔቶሜትር መርፌ የለውም። ሽቦ የተጠመጠመበት የብረት ቅይጥ ነው። በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በማግኔት እስኪጠግብ ይሞላል፣ ይገለበጣል፣ እንደገና ይሞላል። የውጭ መስክ ሲኖር የወዲህና የወዲያው ሚዛን ይዛባል። የሚለካው ያ መዛባት ነው።

«የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈጠራ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ሶቪየታዊው ሎጋቼቭ በ1936 (እ.ኤ.አ.) ከአውሮፕላን ለክቷል፤ መሣሪያው ግን ስሜቱ ደካማ ነበር። ቫኪየርም የነዳጅ ኩባንያ ተመራማሪ ነበር። ጦርነቱ ያፋጠነው እንጂ የወለደው አይደለም።

እኔን የሚገርመኝ «ሰርጓጅ መርከብን ከሩቅ ይለያል» የሚለው ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ የሚሠራው በጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ብቻ ነው። በየካቲት 1944 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ካታሊና አውሮፕላኖች የጀርመኗን ሰርጓጅ ዩ-761 ያገኙት በጠባቡ የጂብራልታር ሰርጥ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ ነበር። ምልክቱ ሲመጣ አውሮፕላኑ ዒላማውን አልፎታል ማለት ይቻላል። ተራ ቦምብ ቢጣል ወደ ፊት ይሄዳል። መላው ምን ነበር? ቦምቡን በሮኬት ወደ ኋላ መተኮስ! የሮኬቱ ፍጥነት የአውሮፕላኑን ስለሚያጣፋ ቦምቡ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

«አውሮፕላኑ ራሱ የብረት ዕቃ ተሸክሞ እንዴት?» ይህ እንኳ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዱ መላ መለኪያውን በረጅም ገመድ ከኋላ ማንጠልጠል ነው።

«አንዴ ከበረሩ ካርታው አለቀ» የሚለውም አያስኬድም። መስኩ በፀሐይ ምክንያት ቀኑን ሙሉ ይለዋወጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ለማግኔታዊው ወገብ (የምድር ማግኔታዊ መስክ አግድም ለሚሆንበት መስመር) ቅርብ ናት፤ እዚያ የቀትሩ ለውጥ ይበረታል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሲበር ሌላ ማግኔቶሜትር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይመዘግባል። የሱ ንባብ ከአውሮፕላኑ ንባብ ይቀነሳል።