የሞዴል ባቡር ፍሬን ሲሙሌሽን ምንድን ነው? ማዞሪያውን ዜሮ ማድረግ ፍሬን መያዝ አይደለም

ዲጂታል ሞዴል ባቡር ነድታችሁ የምታውቁ፣ ወይ ዩቲዩብ ላይ አይታችሁ የገረማችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። መቆጣጠሪያው ላይ ያለችውን ማዞሪያ ወደ ዜሮ ስትመልሷት ባቡሯ ባለችበት ቀጥ ትላለች። እውነተኛ ባቡር እንደዛ አይቆምም። ነጂው ጉልበት መስጠቱን ቢተው እንኳን ባቡሩ በያዘው ፍጥነት ገና ብዙ ይነጉዳል፣ የሚያቆመው ፍሬን ነው፣ ፍሬኑ ደግሞ ሌላ እጀታ ነው። ሞዴል ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ያለችን አንድ ማዞሪያ ናት፣ እሷው ነዳጅ እሷው ፍሬን። ፍሬን ሲሙሌሽን የሚባለው በአጭሩ እነዚህን ሁለት ስራዎች ማለያየት ነው፣ ማዞሪያዋ ጉልበት ብቻ ትስጥ፣ ማቆሙን ሌላ ቁልፍ ይስራው ነው ነገሩ።

ጎጃም ውስጥ ሐዲድ የለም፣ አውቃለሁ፣ "ደሞ አንተ ባቡር የት አየህና ነው" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ግን ፍሬን ምን እንደሆነ ለደጀን ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ የተሳቢ ሹፌር እግሩን ከነዳጁ ላይ ስላነሳ መኪናው አይቆምለትም፣ እንደውም ይብስበታል። ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዝለት ያደርጋል፣ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ እያደረገ ይወርዳል፣ በፍሬን ብቻ እወርዳለሁ ካለ ይግልና እምቢ ይለዋል፣ በአውቶቡስ የወረዳችሁ ሽታውን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ነዳጅ መልቀቅ አንድ ነገር ነው፣ በሞተር መያዝ ሌላ ነው፣ ፍሬን መርገጥ ደግሞ ሶስተኛ። ባቡርም ላይ ሶስቱም አሉ።

እውነተኛው ባቡር ላይ ዋናው የአየር ፍሬን ነው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የሚባለው አሜሪካዊ የመጀመሪያውን የአየር ፍሬን ያወጣው 1869 እ.ኤ.አ ነው፣ ያኛው ግን አንድ ክፉ ችግር ነበረበት፣ ፍሬኑ የሚይዘው አየር ወደ ፉርጎዎቹ ሲገፋ ስለሆነ ቧንቧው መሃል ላይ ከተበጠሰ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። በ1872 ነገሩን ገለበጠው። እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ የአየር ታንክና የራሱ ቫልቭ ኖረው፣ ዋናው ቧንቧ በግፊት የተሞላ እስከሆነ ድረስ ፍሬኑ ይለቃል፣ ግፊቱ ሲወርድ ይይዛል። ስለዚህ ባቡሩ ለሁለት ቢበጠስ ሁለቱም ግማሽ ራሱን ያቆማል። ዛሬም ድረስ ሃሳቡ ይሄው ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ቧንቧው በ5 ባር ግፊት ይሞላል፣ አሜሪካ የጭነት ባቡር ላይ 90 ፒኤስአይ (6 ባር ገደማ) የተለመደ ነው። ከዚህ ሌላ ሎኮሞቲቩ፣ ማለትም ጎታቹ፣ ለብቻው የሚይዝበት የራሱ ፍሬን አለው። ሶስተኛው ዳይናሚክ ብሬክ የሚባለው ነው፣ ሎኮሞቲቩን የሚነዱት ሞተሮች ራሳቸው ጄኔሬተር ሆነው ፍጥነቱን ወደ መብራት ይቀይሩታል፣ መብራቱ ሬዚስተር ላይ ሙቀት ሆኖ ይበተናል፣ ወይም ደግሞ በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ወደ ሽቦው ይመለሳል። የደጀኑ ሹፌር በማርሽ የሚሰራው ስራ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሞዴሉ። ሞዴል ባቡር ለምንድን ነው የማይንሸራተተው? ምክንያቱ ክብደት ነው። ኤችኦ በሚባለው መጠን፣ ማለትም 1 ለ 87፣ ርዝመቱ 87 ጊዜ ሲያንስ ክብደቱ 87 ሲባዛ 87 ሲባዛ 87 ነው የሚያንሰው፣ ከ650 ሺህ ጊዜ በላይ። 100 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ በሒሳቡ 150 ግራም አካባቢ ይሆናል። እሺ ፋብሪካዎቹ ብረት ጨምረው ያከብዱታል፣ ቢሆንም በእጅ የሚነሳ ነገር ነው፣ ምን ጉልበት ይይዛል። በዛ ላይ ሞተሩ ከጎማው ጋር የሚገናኘው አብዛኛውን ጊዜ በዎርም ጊር፣ ብሎን በሚመስል ጥርስ ነው፣ እሱ ደግሞ ሞተር ጎማን እንዲያዞር እንጂ ጎማ ሞተርን እንዲያዞር አይፈቅድም። ሞተሩ ቆመ ማለት ጎማው ተቆለፈ ማለት ነው። ይሄን ለማየት ባህርዳር ላይ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ባቡሩ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ መብራት ሲጠፋ ማየት ነው፣ ክችች ብሎ ይቆማል፣ ፍላይዊል፣ ማለትም ሞተሩ ላይ የተገጠመ ከባድ ተሽከርካሪ ብረት፣ ያለው ከሆነ ትንሽ ይንሸራተታል እንጂ ከዛ አያልፍም። ማለትም ሞዴል ላይ የምታዩት ቀስ ብሎ መቆም በሙሉ የውሸት ነው፣ ዲኮደሩ እያሰበ የሚሰራው ትወና ነው። እኔ ይሄን ስል ማሳነሴ አይደለም፣ እንደውም የሚያስደስተኝ ይሄ ነው።

ዲኮደር ማለት ሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ሰርኪት ናት። ዲሲሲ በሚባለው የዲጂታል መቆጣጠሪያ ስርዓት፣ መሰረቱ የጀርመኑ ሌንዝ የሰራው ሆኖ በኋላ የአሜሪካው የሞዴል ባቡር ማህበር ኤንኤምአርኤ ስታንዳርድ ያደረገው ማለት ነው፣ ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ቮልቴጅ አለ፣ ትእዛዙም በዛው ሐዲድ ላይ ተሳፍሮ ይመጣል፣ ዲኮደሯ የራሷን አድራሻ ስትሰማ ሞተሩን ታዛለች። ጠባይዋ ሲቪ በሚባሉ ቁጥሮች ይስተካከላል (የስራ ማመልከቻው ሲቪ አይደለም)። ለኛ ጉዳይ ሁለቱ ናቸው ወሳኞቹ፣ ሲቪ3 ለመፍጠን፣ ሲቪ4 ለመቀዝቀዝ።

ሲቪ4 እንዴት ነው የሚሰራው፣ ዜሮ ከሆነ ባቡሩ ወዲያው ይቆማል፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር እየቀዘቀዘ ነው የሚቆመው። በስታንዳርዱ መሰረት ቁጥሩን በ0.896 ስታባዙት ከሙሉ ፍጥነት እስከ መቆም የሚፈጀውን ሰከንድ ታገኛላችሁ። 50 ብትሉት 45 ሰከንድ ገደማ፣ የመጨረሻው 255 ደግሞ ወደ 4 ደቂቃ ይጠጋል። አንዳንድ ፋብሪካ በራሱ ስሌት ይሄዳል፣ ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ሰዓት ከፍታችሁ ለኩ፣ ወረቀቱን ብቻ አትመኑ።

እና እዚህ ጋ ቦታ የሚባል ነገር ይመጣል። በሰዓት 100 ኪሎሜትር የሚሮጥ ባቡር በኤችኦ ሲሰላ በሰከንድ 32 ሴንቲሜትር ነው። በ45 ሰከንድ እኩል እየቀነሰ ከቆመ 7 ሜትር ከምናምን ይሄዳል። የጭነት ባቡር ደግሞ በእውኑ ከ1 ኪሎሜትር በላይ ሊፈጅበት ይችላል፣ 1 ኪሎሜትር በኤችኦ 11 ሜትር ተኩል ነው። የማንኛችን ክፍል ነው 11 ሜትር ግድግዳ ያለው? ስለዚህ "ልክ እንደ እውነቱ" የሚሉት ነገር ከመጀመሪያውም አይቻልም፣ የሚቻለው እውነት የሚመስል ነው፣ ልዩነቱን ካልተቀበላችሁ ባቡሩ ጣቢያውን እያለፈ ያናድዳችኋል።

ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፣ ሲቪ4ን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ባቡሩ ለስለስ ብሎ ይቆማል፣ በቃ ጨረስኩ ይላል። ግን አልጨረሰም። ምክንያቱም አሁንም አንድ እጀታ ነው ያለው፣ ያ እጀታ ዜሮ ሲሆን ባቡሩ ሁልጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚቆመው፣ ነጂው የሚወስነው ነገር የለም። አንድ የረጅም መንገድ ሹፌር የሆነ ጎረቤታችንን ጠርቼ ሳሳየው ዝም ብሎ አየና "ጥሩ ነው ልጄ፣ ታዲያ ፍሬኑ የቱ ጋ ነው?" አለኝ። ጋሼ ስለ ዲኮደር የሰማው የመጀመሪያው ቀን ነው፣ ጥያቄው ግን ትክክለኛው ጥያቄ ነበር።

ፍሬኑ የሚመጣው እንዲህ ነው። ሲቪ4ን ሆን ብላችሁ በጣም ከፍ ታደርጉታላችሁ፣ 200 በሉት፣ ባቡሩ ማዞሪያው ዜሮ ሆኖም 3 ደቂቃ ገደማ ይንሸራተታል፣ ማለትም በተግባር አይቆምም፣ እውነተኛ ባቡር ጉልበት ሲለቀቅ እንደሚሆነው። ከዛ መቆጣጠሪያው ላይ ካሉት የፋንክሽን ቁልፎች (መብራትና ድምጽ የሚያዙት) አንዱ ፍሬን ይሆናል። ቁልፉን ስትጫኑ ዲኮደሩ ከሲቪ4 ላይ የሆነ ቁጥር ይቀንሳል። ኢኤስዩ በሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ሎክሳውንድ ዲኮደር (ድምጽም የሚያወጣ ነው) ላይ ለምሳሌ የሚቀነሰው ቁጥር ሲቪ179 ላይ ነው የሚቀመጠው፣ እዛ ላይ 170 ከጻፋችሁ ከ200 ላይ ተቀንሶ 30 ይቀራል፣ በስታንዳርዱ ስሌት 27 ሰከንድ። ቁልፉን ስትለቁት ባቡሩ መቀዝቀዙን ትቶ እንደገና መንሸራተት ይጀምራል። ይሄ ነው ሁሉን ነገር የሚቀይረው፣ ምክንያቱም አሁን ረገጥ ለቀቅ ማድረግ ይቻላል፣ ጣቢያው ከመድረሱ በፊት ቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፣ ቶሎ ከያዝክ ከመድረኩ በፊት ትቀራለህ፣ ከዘገየህ ታልፈዋለህ። ሎክሳውንድ 5 ላይ እንደዚህ ያለ ፍሬን ሶስት አለ፣ ሲቪ180 እና ሲቪ181 ለሁለተኛውና ለሶስተኛው ናቸው፣ ስለዚህ አንዱን ለስላሳ አንዱን ጠንካራ አድርጋችሁ ሁለቱን አንድ ላይ መጫን ሁሉ ይቻላል። ሳውንድትራክስ የሚባለው ሌላ ፋብሪካ ሱናሚ2 ዲኮደርም የራሱ የፍሬን ቁልፍ አለው፣ አሰራሩ ይለያያል እንጂ ሃሳቡ አንድ ነው።

ሎክሳውንድ ላይ ድራይቭ ሆልድ የሚባል ሌላ ነገርም አለ፣ ቁልፉን ስትጫኑት ሞተሩ በያዘው ፍጥነት ይቆለፍና ማዞሪያዋ ድምጹን ብቻ ታዛለች። ዳገት ላይ ሞተሩ እያጓራ ፍጥነቱ ግን ሳይጨምር፣ ቁልቁል ላይ ደግሞ ሞተሩ ዝም ብሎ ባቡሩ እየሮጠ፣ እንደዛ ማስመሰል ይቻላል። የፍሬን ሲጥታ ድምጽ ደግሞ ዲኮደሩ ፍጥነቱ እየወረደ መሆኑን ሲያይ ራሱ ይከፍተዋል፣ በየትኛው ፍጥነት ላይ እንደሚጀምር ሲቪ64 ላይ ይስተካከላል፣ ሲቪ65 ላይ ደግሞ መቼ እንደሚያቆም፣ ባቡሩ ከቆመ በኋላ እየጮኸ ከቀጠለ እነሱን ነው የምትነኩት።

ታች ፍጥነት ላይ እየተንቀጠቀጠ የሚቆም ከሆነ ጥፋቱ የፍሬኑ ላይሆን ይችላል። ዲኮደሩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ለሞተሩ የሚሰጠውን መብራት ለቅጽበት ያቋርጥና ሞተሩ እየተሽከረከረ የሚያመነጨውን ቮልቴጅ ይለካል፣ ባክ ኢኤምኤፍ የሚሉት ይሄ ነው፣ ከዛ ፍጥነቱ ከታዘዘው ካነሰ ይጨምርለታል። ይሄ በደንብ ካልተስተካከለ የመጨረሻዋ መቆሚያ ታስጠላለች። ከሱ በፊት ግን ሐዲዱን ጥረጉት፣ በበጋ የኛ አቧራ መቼም የታወቀ ነው፣ ጎማው ለቅጽበት ግንኙነት ካጣ ያ ሁሉ ያማረ መንሸራተት መሃል ላይ ይቋረጣል። ኪፕ አላይቭ የሚሉት፣ መብራት የሚያጠራቅም ካፓሲተር ያለው ዲኮደር እነዚህን ቅጽበቶች ይሸፍናል።

ፉርጎ የምታቀያይሩ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ ነው፣ ግማሽ ሜትር ለመሄድ ማን ነው እንደ ረጅም መንገድ ጭነት የሚያስበው። ለዛ ብዙ ዲኮደሮች በአንድ ቁልፍ ሞመንተሙን፣ ማለትም የሲቪ3ንና የሲቪ4ን መዘግየት፣ የሚያጠፋ ሁነታ አላቸው፣ ተጠቀሙበት። አደጋ ሲመጣ ደግሞ የድንገተኛ ማቆሚያው ሲቪ4ን አይጠይቅም፣ ያቆማል በቃ፣ ጣታችሁ የት እንዳለ እወቁ።

ራሱ ሲግናል ላይ እንዲቆም የምትፈልጉ ደግሞ ኤቢሲ የሚባል የሌንዝ ዘዴ አለ። ሲግናሉ ፊት ያለውን አንድ ቁራጭ ሐዲድ ለብቻው ትለዩና በአንድ አቅጣጫ የተደረደሩ ጥቂት ዳዮዶች (መብራት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ናቸው)፣ በተቃራኒው ደግሞ አንድ ታስገባላችሁ፣ በዚህ የሐዲዱ ቮልቴጅ በአንዱ ጎን ትንሽ ያንሳል፣ ይሄን የሚያውቅ ዲኮደር ቀይ መብራት ነው ብሎ ይይዛል። ብዙ ዲኮደሮች ላይ ሲቪ27 ውስጥ መክፈት አለባችሁ፣ ካልተከፈተ ሰምቶ እንዳልሰማ ነው የሚያልፈው። ሲቪ4 ሰማይ ላይ ከሆነ ግን ከቁራጯ ሐዲድ ርዝመት በላይ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ርቀት ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ምርጫ ያለው ዲኮደር ካላችሁ እሱን ክፈቱት።

ሁለት ሎኮሞቲቭ አንድ ላይ የሚጎትቱ ከሆነ የሁለቱም ሲቪ3፣ ሲቪ4 እና የፍሬን ቁጥራቸው መቀራረብ አለበት፣ አለበለዚያ አንደኛው ይዞ ሌላው ሲገፋ መሃል ያሉት ፉርጎዎች ከሐዲድ ይወጣሉ። በአንድ አድራሻ ስታጣምሯቸው ደግሞ የፍሬን ቁልፉ ለሁለቱም እንዲደርስ ሲቪ21 እና ሲቪ22ን ተመልከቱ፣ አንዱ ብቻ ከሰማ ያው ነው ችግሩ። ኮምፒውተር ካላችሁ ጄኤምአርአይ በሚባለው የሞዴል ባቡር ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ዲኮደርፕሮ በነጻ ነው፣ ቁጥሮቹን በስማቸው እያሳየ ያስቀይራችኋል፣ እና ባቡሩ መስመር ላይ እየሄደ እያለ መቀየር ስለሚቻል ሲቪ4ን 100 አካባቢ ጀምራችሁ፣ ፍሬኑን 60 ሰጥታችሁ፣ ከዛ በጆሮና በዓይን ከፍ ዝቅ አድርጉት።