ምክንያታዊ ማመቻቸት ምንድን ነው?

«ሴቶችና አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» ብሎ ማስታወቂያ የሚለጥፍ፣ ፈተናውን ግን ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አይጠፋም። ማበረታታቱ ደረጃው ሥር ቀረ ማለት ነው። ምክንያታዊ ማመቻቸት የሚባለው ፈተናውን ወደ ግራውንድ ማውረድ ነው።

በሕግ ረገድ፣ አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ሥራውን ከሌላው እኩል መሥራት እንዲችል በመሣሪያው፣ በሥራው መስፈርት፣ በሥራ ሰዓቱ ወይም በሥራ ቦታው ላይ የሚደረግ ማስተካከያ ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይህን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ደግሞ ማመቻቸትን መከልከል ራሱን አድልዎ ይለዋል። ስለዚህ ነገሩ የደግነት ጉዳይ አይደለም።

ከከተማው ዳር፣ ለሚ ኩራ አካባቢ ያለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እንውሰድ። ኦፕሬተሮቹ ጠዋት ከአራብሳ ኮንዶሚኒየም በሰርቪስ ይመጣሉ። ሼዱ ውስጥ ያ ሁሉ ማሽን አንድ ላይ ሲነሣ አጠገብህ ያለው ሰው የሚለው አይሰማም። ሱፐርቫይዘሩ ግን ላይኑን፣ ማለትም የማሽኖቹን ተርታ፣ የሚመራው በጩኸት ነው፤ ታርጌት ሲጨመር ይጮኻል፣ ክር ሲቀየር ይጮኻል። መስማት የተሳናት ኦፕሬተር እዚህ ብትገባ፣ እጇ የቱንም ያህል ቢፈጥን ትእዛዙ አይደርሳትም። ብዙም ሳይቆይ «አትታዘዝም» ትባላለች።

የሚያስፈልገው ምን ያህል ነው? ታርጌቱንና ለውጡን ላይኑ ራስጌ ላይ በሰሌዳ መጻፍ፣ ሱፐርቫይዘሩ ሲፈልጋት የሚበራ አምፖል ማሽኗ ላይ ማሰር፣ የእሳት አደጋ ደወሉ ላይ መብራት መጨመር፣ አብረዋት ለሚሠሩት ጥቂት የምልክት ቋንቋ ማስተማር። በነገራችን ላይ ሰሌዳው ሲሰቀል ቀድሞ የሚጠቀምበት የሚሰማው ሠራተኛ ነው፤ እሱም እስከዚያ ግማሹን እየገመተ ነበር የሚሰፋው።

ይህን ዝርዝር ግን የሰው ሀብት ቢሮ ተቀምጦ ማውጣት አይቻልም። አንዷ ጽሑፍ ትመርጣለች፤ ሌላዋ ትምህርቷ መሃል ላይ ተቋርጦ ማንበብ አይሆንላትም። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለራሷ ነው። እኛ ዘንድ ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ይዟት ለመጣው ወንድሟ ነው፣ እሷ ቆማ እያየች።

ግዴታው ወሰን አለው፤ ከአቅም በላይ የሆነ ጫና አይጠየቅም። የማስተካከያው ወጪ፣ የድርጅቱ ስፋት፣ የሠራተኛው ብዛት ይታያል። ኮንዶሚኒየም ሥር አምስት ሰው ይዞ የሚሠራ ብረታ ብረት ቤትና ያ ፋብሪካ እኩል አይጠየቁም። ቢሆንም «አቅም የለንም» የሚለው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ዋጋው ሳይጣራ ነው። በክራንች ለሚሄድ ሠራተኛ የመግቢያ ሰዓቱን ግማሽ ሰዓት መግፋት ምን ያስወጣል?

ብዙ ሠራተኛ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ የሚከስ አካል ጉዳተኛ በዚሁ አዋጅ መሠረት የማስረዳት ሸክም የለበትም። እንዲያም ሆኖ የማመቻቸት ጥያቄውን በጽሑፍ ማስገባትና ኮፒው ላይ ማህተም አስመትቶ መያዝ አይከፋም።