መሪውን ሳይነኩት መኪናው ለምን ይታጠፋል?

ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ስትነዱ ጎማው ጉብታ በመታ ቁጥር መኪናው ወደ ጎን ካለ፣ «አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠራ» ባይ አይጠፋም። አላይመንት ግን የሚለካው መኪናው ቆሞ ነው፤ ይሄ ጣጣ የሚታየው ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ጎማውን የያዘው ክንድ (ብራቾ) እና መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ ሁለቱም ቅስት እየሠሩ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ቅስቶቹ ካልተስማሙ ዘንጉ ጎማውን ይገፋዋል ወይም ይስበዋል። ለቁመና ሲባል ከፍ የተደረገ ፒክአፕ ላይ ብዙ ያጋጥማል።

መጀመሪያ የላላ መገጣጠሚያ ይፈተሽ፤ እሱም ተመሳሳይ ስሜት ይሰጣል። ከዚያ መሪው ቀጥ ብሎ ይታሰር፣ ሞላው ይውጣ፣ ጎማው በክሪክ ቀስ እያለ ይነሣ። በየከፍታው የጎማው የፊትና የኋላ ጠርዝ ከአንድ ቋሚ ጣውላ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከተለዋወጠ፣ የሚስተካከለው የዘንጉ ጫፍ ከፍታ ነው።