ኮንዳክተር ምንድን ነው? ያቺ ቀጭን ዱላ ባትኖርስ?

ሰማንያ ዘጠና ሰው መሣሪያውን ይዞ ተቀምጧል። ሁሉም ኖታ አንባቢ ነው፤ ሁሉም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለማመድ የኖረ ነው። ታዲያ ከፊታቸው ቆሞ፣ ድምፅ የማታወጣ ዱላ የሚያወዛውዘው ሰውዬ ምን ያደርጋል?

ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ ሙዚቀኞችም ጠይቀውታል። በ1922 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሞስኮ ውስጥ ፐርሲምፋንስ የሚባል መሪ የሌለው ኦርኬስትራ ተቋቁሞ ለዐሥር ዓመት ያህል ሠርቷል። የኒውዮርኩ ኦርፊየስም ከ1972 ጀምሮ ያለ ኮንዳክተር ይጫወታል። ስለዚህ ይቻላል። ግን ኦርፊየስ አነስተኛ ኦርኬስትራ ነው። ሰው ሲበዛና ሁሉም ሐሳብ ሲሰጥ ልምምዱ መቼ ያልቃል?

የኮንዳክተሩ ዋና ሥራ ታዳሚው በማያየው ልምምድ ላይ ነው። ቫዮሊን ተጫዋቿ ፊቷ የተዘረጋው የራሷ ድርሻ ብቻ ነው። ኮንዳክተሩ ግን የሁሉም መሣሪያ ድርሻ ከላይ እስከ ታች የተደረደረበትን ሙሉ ኖታ ይዟል። መለከቱ ዋሽንቱን እንደዋጠው የሚሰማው እሱ ነው። «እዚህ ጋ ቀነስ፣ እዚያ ጋ አትቸኩሉ» ይላል። መድረክ ላይ ቀኝ እጁ ምቱን ይይዛል፦ ባለ አራት ምት ከሆነ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ላይ። ግራ እጁ ደግሞ ማን እንደሚገባ፣ ማን ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ያሳያል።

ዋናው ምልክት ግን ከምቱ በፊት የምትመጣው ናት። እጁን ሲያነሳ ፍጥነቱም ጉልበቱም እዚያች ውስጥ አለ። የጀርመናዊውን አቀናባሪ የሹማንን የ«ማንፍሬድ» መክፈቻ ውሰዱ። የመጀመሪያው ምት ላይ ዝምታ ነው። ኦርኬስትራው በሙሉ ከዝምታው ቀጥሎ፣ ምቱን ተሻግሮ፣ እኩል «ዷ!» ማለት አለበት። አንድ ሰው ቢቀድም ጉድ ነው።

የአሜሪካዊው ኮንዳክተር የሌናርድ በርንስታይን ዝና የተጀመረው በዚህች ዝምታ ነው። ኖቬምበር 14 ቀን 1943፣ እሑድ። ታላቁ ኮንዳክተር ብሩኖ ዋልተር ጉንፋን ያዘውና የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክን የሚመራ ጠፋ። በርንስታይን ያኔ 25 ዓመቱ ነው፤ ረዳት ኮንዳክተር ነው፤ ሥራው ባብዛኛው ኖታ እያጠኑ መጠበቅ ነው። ዋልተር ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ኖታውን አብሮት ገለጥ ገለጥ አደረገለት፤ ከኦርኬስትራው ጋር ልምምድ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ካርኔጊ አዳራሽ ገባ፣ በ«ማንፍሬድ» ጀመረ፣ በሬዲዮም አገር ሁሉ ሰማው። በማግሥቱ ወሬው ኒውዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ላይ ወጣ።

እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ አይገኝም። የዚህ ሙያ ክፋቱ ደግሞ ቤት ቁጭ ብሎ መለማመድ አለመቻሉ ነው። መሣሪያህ ሰማንያ ሰው ነው፤ ማን ያበድርሃል?

በርንስታይንን ከሌሎቹ የሚለየው ግን ለእኔ የ1943ቱ ኮንሰርት አይደለም። ኮንዳክተር ሥራው ሆኖ ለታዳሚው ጀርባውን ሰጥቶ ይውላል። እሱ ዞረ። የፊልሃርሞኒኩን ሙዚቃ ዳይሬክተርነት በያዘበት በ1958፣ ጃንዋሪ 18 ቀን፣ ካርኔጊ አዳራሽን ልጆች ሞሉት፤ የሲቢኤስ ቴሌቪዥንም መጣ። የሮሲኒን «ዊልያም ቴል» አስመታና ልጆቹን «ይሄ ሙዚቃ ስለምንድን ነው?» አላቸው። እነሱ ደግሞ ዜማውን የሚያውቁት ከቴሌቪዥኑ የካውቦይ ተከታታይ «ሎን ሬንጀር» ነውና የሱን ስም ጮኹ። አልሳቀባቸውም። ሙዚቃ ስለ ካውቦይም ስለ ሌላ ታሪክም እንዳልሆነ፣ ስለ ድምፆቹ ራሳቸው እንደሆነ ፒያኖ ላይ እየተቀመጠ አስረዳቸው። ዝግጅቱ እስከ 1972 ድረስ ቀጥሎ 53 ደርሷል።

እዚህ ላይ የራሴን ልበል። አዲስ ታዳሚ ለመሳብ ብዙ ነገር ይሞከራል፦ የመብራት ጋጋታ፣ የፊልም ሙዚቃ፣ ርካሽ ትኬት። ክፋት የለውም። በርንስታይን ግን ሙዚቃውን አላቀለለውም፤ ልጆቹ ይገባቸዋል ብሎ አመነ። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የበርንስታይንን ኮንሰርት ካዩ ልጆች አንዷ ማሪን አልሶፕ ናት። በዘጠኝ ዓመቷ አባቷ ወሰዳት፤ ኮንዳክተር እሆናለሁ ብላ ወጣች። የቫዮሊን አስተማሪዋ «ሴት ይህን አትሠራም» አለቻት። ኦርኬስትራ የሚሰጣት ስታጣ በ1984 ኮንኮርዲያ የሚባል የራሷን አቋቋመች። ኋላም ታንግልዉድ በሚባለው የሙዚቃ ማዕከል ከራሱ ከበርንስታይን ተማረች። በ2007 የባልቲሞር ሲምፎኒን ስትረከብ ትልቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ በሙዚቃ ዳይሬክተርነት በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሹመቱ በ2005 ሲነገር ግን የኦርኬስትራው ሙዚቀኞች ተቃውመው ነበር፤ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም።

ባልቲሞር ብዙ ነዋሪዋ ጥቁር የሆነ ከተማ ናት፤ ኦርኬስትራው ውስጥና የታዳሚው ወንበር ላይ ግን ይህ ብዙም አይታይም ነበር። አልሶፕ ማካርተር ከሚባለው የገንዘብ ሽልማቷ 100 ሺህ ዶላር አውጥታ በ2008 ኦርክኪድስ የሚባል የልጆች የሙዚቃ ትምህርት ጀመረች፦ አንድ የምዕራብ ባልቲሞር ትምህርት ቤት፣ 30 ልጆች፣ ከትምህርት በኋላ፣ መሣሪያው በነጻ። በኋላ ከሺህ በላይ ልጆች ደርሷል።

ትልልቆቹንም አልተወቻቸውም። በ2010 «ዝገት የያዛቸው ሙዚቀኞች» ብላ፣ በወጣትነታቸው ተጫውተው ሥራና ኑሮ መሣሪያቸውን ያስቀመጣቸውን ሰዎች ጠራች። መድረክ ላይ ከባለሙያዎቹ ጎን ተቀመጡ፤ ዱላዋን ያነሳችላቸውም ራሷ አልሶፕ ነበረች። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው መጣ፤ ኦርኬስትራው በየዙሩ እየተቀያየሩ እንዲጫወቱ ማድረግ ነበረበት።