የመንግሥት ግዥ ኦዲት፦ ፋይሉም መጋዘኑም ይታያል

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበርም ይግዛ ኮምፒውተር፣ ለግዥው ፋይል ይከፈታል። የግዥ ኦዲት በአብዛኛው ያንን ፋይል ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው።

በፌዴራል ደረጃ መነሻው የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ነው። አዋጅ ቁጥር 430/1997 በ649/2001 ተተካ፤ እሱ ደግሞ በ1333/2016። ፋይሉን መጀመሪያ የሚያየው የመሥሪያ ቤቱ የራሱ የውስጥ ኦዲት ነው። የመንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣንም ሕጉ መከበሩን ይመረምራል። የዋናው ኦዲተር ግኝት ግን ፓርላማ ይደርሳል፤ ኃላፊዎች ቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ይጠየቁበታል።

ኦዲተሩ ከዓመታዊ የግዥ ዕቅድ ይጀምራል። ዕቅድ ውስጥ የሌለ ዕቃ ለምን ተገዛ? ግልጽ ጨረታ ሲገባው ለምን በፕሮፎርማ፣ ማለትም ከጥቂት አቅራቢዎች በሚሰበሰብ የዋጋ ማቅረቢያ ሆነ? ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥፋት ግዥን መከፋፈል ነው። አንዱ ትልቅ ግዥ ተቆራርጦ ከፕሮፎርማው የገንዘብ ጣሪያ በታች ይወርዳል። ከአቅራቢዎቹ የመጡትን ፕሮፎርማዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥም ጥሩ ነው። ማኅተሙ የተለያየ ሆኖ የፊደል ስህተቱ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ውድድር አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ ወደ መጋዘን ነው። ሞዴል 19 ዕቃው ገቢ የሆነበት፣ ሞዴል 22 ወጪ የሆነበት ደረሰኝ ነው። ሁለቱ ከቢን ካርዱ፣ ማለትም የዕቃው ገቢና ወጪ መጋዘን ውስጥ ከሚመዘገብበት ካርድ ጋር ይመሳከራሉ፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ቶነርም ይቆጠራል። የሞዴል 19 ቀን ከውሉ ቀን ከቀደመ፣ ዕቃው መጀመሪያ ገብቶ ወረቀቱ በኋላ ተሠርቷል።

ሰኔ የራሱ ጣጣ አለው። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ግዥው ይጧጧፋል፣ ኦዲተሩ ግን ሐምሌ ካለፈ በኋላ ይመጣል። ዕቃው ተገዝቶ ካበቃ በኋላ የሚጻፍ ግኝት የሚያስተምረው ካለ የሚቀጥለውን ዓመት ነው። በየሩብ ዓመቱ ማየት ይሻላል።

ሌላው ደካማ ጎን የውስጥ ኦዲተሩ አቀማመጥ ነው። ሪፖርቱ ለገንዘብ ሚኒስቴርም ይሄዳል፤ ሰውየው ግን የሚመረምረው የአለቃውን ፊርማ ነው። ግኝት ሲኖር መሥሪያ ቤቱ የማሻሻያ መርሐ ግብር ያወጣል፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚያስተካክል የሚል። አፈጻጸሙን የሚከታተል ከሌለ ያው ግኝት በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል።

የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓቱ አንዳንዱን ነገር አቅልሏል። ማስታወቂያ መቼ ወጣ፣ ማን መቼ አስገባ የሚለው ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ቀን ወደ ኋላ መጻፍ ከባድ ነው። ስፔሲፊኬሽኑ (የዕቃው ዝርዝር መስፈርት) ለአንድ አቅራቢ ተለክቶ ከተሰፋ ግን ሲስተሙ ሁሉን ነገር ትክክል ብሎ ያሳልፋል። እዚህ ላይ ኦዲተሩ ከኮምፒውተሩ ተነሥቶ ጠያቂውን የሥራ ክፍል «ይህን መስፈርት ማን ጻፈው?» ማለት አለበት።