«ነፃ ስኳር» ምንድን ነው?

በቅርቡ በኮዬ ፈጬ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ «ነፃ ስኳር» ያለባቸውን ምግቦችና መጠጦች ከግቢው የሚያግድ የደንብ ረቂቅ ተነበበ። አንድ ወላጅ «ነፃ ከሆነማ ስኳር የለበትም ማለት ነው» ሲሉ ተቃወሙ። ሌላው ደግሞ የታሸገ ጁስ «ስኳር ያልተጨመረበት» እስከተባለ ድረስ ደንቡ እንደማይመለከተው ተናገሩ፤ አብዛኛው ተሰብሳቢም ተስማማ።

የመጀመሪያው ስህተት የቃል ነው። «ከስኳር ነፃ» እና «ነፃ ስኳር» ተቃራኒዎች ናቸው፤ «ልቅ ስኳር» ብንለው ኖሮ ምናልባት ባልተምታታ ነበር። በጥርስ ሕክምና ሥራዬ ዘወትር የሚያጋጥመኝና ልጆችን የሚጎዳው ግን ሁለተኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት ነፃ ስኳር የሚባለው አምራቹ፣ አብሳዩ ወይም ተመጋቢው የሚጨምረው ስኳር ብቻ ሳይሆን፣ በማር፣ በሽሮፕና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ በተፈጥሮ ያለውም ጭምር ነው። ስለዚህ «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው መከራከሪያ ስኳሩ ከየት እንደመጣ ይነግረናል እንጂ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አይነግረንም።

ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ በጤፍ ማሳ አጠገብ ችካል ላይ የታሰረን በሬ አስቡ። የሚግጠው ገመዱ እስከደረሰለት ብቻ ነው። በሙሉ ብርቱካን ውስጥ ያለው ስኳርም በፍሬው ሕዋስና አሰር (ፋይበር) እንደዚሁ ታስሯል፤ ልጁ እያላመጠ ቀስ ብሎ ይበላዋል፣ ቶሎም ይጠግባል። ብርቱካኑ ሲጨመቅ ገመዱ ይፈታል። በሬው ያው የራሳችን በሬ ነው፤ ማሳውን ከመብላት ግን አይመለስም። ማር ከመጀመሪያውም አልታሰረም። ወተት ምሳሌዬን እንደሚያስቸግረው አውቃለሁ፤ አሰር የለውምና። ሆኖም በወተት ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ስኳር ጉዳት እንደሚያስከትል የሚያሳይ ማስረጃ ስላልቀረበ መመሪያው ከነፃ ስኳር አይቆጥረውም። እንደኛ አገር ወፍራም ጁስ ፍሬው እንዳለ ሲፈጭስ? የብሪታንያ ባለሙያዎች ይህንንም ነፃ ስኳር ይሉታል፤ እኔም እስማማለሁ።

መመሪያው ነፃ ስኳር ከዕለቱ ጠቅላላ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 1500 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ 10 በመቶው 37 ግራም ያህል ሲሆን፣ አንድ የ300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል።

ለጥርስ ደግሞ ከመጠኑ ባልተናነሰ ድግግሞሹ ወሳኝ ነው። ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ሲለውጡት የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲቀንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 በታች ወርዶ የጥርስ ሽፋን መሟሟት ይጀምራል፤ ምራቅ ይህን ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በየዕረፍቱ ከረሜላ የሚመጥ ልጅ ለምራቁ ጊዜ አይሰጠውም። (በስምጥ ሸለቆ ያደጉ ልጆች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ግን በአብዛኛው ከውኃው ፍሎራይድ የሚመጣ በመሆኑ ወላጆቻቸው በጣፋጭ ሊወቀሱ አይገባም።)

እገዳውን እደግፋለሁ። ነገር ግን ረቂቁ «ስኳር የተጨመረባቸው» ወደሚል ቃል ከተለወጠ ለስላሳው ወጥቶ የታሸገው ጁስ በቦታው ይገባል፤ ደንቡ በጥቅሉ «ጣፋጭ» ካለ ደግሞ ሙዝ በምሳ ዕቃው የያዘ ልጅ በር ላይ ይመለሳል። «ነፃ ስኳር» የሚለው ቃል እንዳለ ይቆይ፤ ከሥሩም ጁስ፣ ማርና ስኳር የገባበት ሻይ በስም ይጻፉ።