የሌይሜባምባ ሙዚየም
የሌይሜባምባ ሙዚየም በሰሜናዊ ፔሩ፣ አማዞናስ ክልል ውስጥ፣ ከባህር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ከተቀመጠች ትንሽ የአንዲስ ከተማ ዳር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው ከኮንዶሮች ሐይቅ በላይ ካለው ገደል የተሰበሰቡትን ከ200 በላይ የደረቁ አስከሬኖች ለማኖር ነው።

መቃብሮቹን በ1996 መጨረሻ ያገኟቸው የከብት እርባታ ሠራተኞች ውድ ዕቃ ፍለጋ አስከሬኖቹ የተጠቀለሉባቸውን የጨርቅ ጥቅልሎች በገጀራ ቀዳደዷቸው። የቀረውን በ1997 በአንትሮፖሎጂስቷ ሶንያ ጊዬን የተመራ ቡድን ሰብስቦ ወደ ከተማዋ አወረደ። አካባቢው ዝናብና ጭጋግ የማይለየው ጫካ በመሆኑ አስከሬን ቶሎ ይበሰብሳል ተብሎ ይጠበቃል፤ እነዚህን ያተረፋቸው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለው ዓለት ነው። ዝናብ ከለከለላቸው፤ ከሥሩም ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ነበር። ከዚያ ከወጡ በኋላ ሻጋታ ስለሚያሰጋቸው ሙቀቱና እርጥበቱ ቁጥጥር በሚደረግበት ክፍል ተቀምጠዋል። ጎብኚ የሚያያቸው በመስታወት ነው። ፍላሽ መጠቀም አይገባም፤ ኃይለኛ ብርሃን የጨርቆቹን ቀለም ያደበዝዛል።

ኢንካዎች በዚህ አካባቢ ይኖር የነበረውን የቻቻፖያን ሕዝብ ያስገበሩት በ1470 አካባቢ ሲሆን የአስከሬኖቹ አዘገጃጀትም የኢንካዎችን ዘመን ያሳያል። የሆድ ዕቃው ከታች በኩል ይወጣና ቀዳዳው በጨርቅ ይደፈናል፤ ፊቱ እንዳይጎድል ከጉንጭ ሥር ጥጥ ይገባል፤ ጉልበት ከደረት ጋር ይታጠፍና ሁሉም በጨርቅ ይጠቀለላል። አንዳንዱ ጥቅልል ላይ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ በክር ተጠልፏል። ብዙ ሰው እነዚህን ሳያስተውል ወደ አስከሬኖቹ ስለሚሮጥ ጥልፎቹን ቀድሞ መፈለግ ይሻላል።

ሌላው ሀብት ኪፑ፣ ማለትም ከአንድ ዋና ገመድ ክሮች የሚንጠለጠሉበት የኢንካዎች የቋጠሮ መዝገብ ነው። ከሐይቁ ከ30 በላይ ኪፑዎች ተገኝተዋል። አነባበቡ በአሥር ቤት ነው፦ ከክሩ ጫፍ አጠገብ ያለው የአንድ ቤት፣ ወደ ዋናው ገመድ ሲጠጋ አሥር፣ ከዚያም መቶ ይሆናል። በጫፉ ባለው የአንድ ቤት ከ2 እስከ 9 ያለው ቁጥር የሚያዘው ክሩ በራሱ ላይ ያን ያህል ጊዜ በተጠመጠመበት ረጅም ቋጠሮ ነው፤ 1 ግን የራሱ ስምንት መሰል ቋጠሮ አለው። ባዶ ቦታ ዜሮ ነው። ቁጥሩ ይነበባል እንጂ ምን እንደተቆጠረ አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም።

ከቻቻፖያስ ከተማ ወደ ሌይሜባምባ በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሙዚየሙ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ስለሆነ በሞቶታክሲ (ባለሦስት እግር ታክሲ) ወጥቶ በእግር መውረድ ይቀላል። ከሴሌንዲን ከተማ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ወደ ሞቃታማው የማራኞን ሸለቆ ወርዶ እንደገና ከ3,500 ሜትር በላይ ይወጣል፤ መንገዱ ጠባብ፣ ገደሉም ጥልቅ ነው፤ ሙሉ ቀን መመደብ ያስፈልጋል። ሐይቁን ማየት የፈለገ መሪና ፈረስ ይከራያል። ደርሶ መልስ ሦስት ቀን ገደማ ነው፤ ጭቃው የፈረስ ጉልበት ስለሚደርስ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው የዝናብ ወቅት ባይሞከር ይመረጣል።